ከገጹ ግርጌ ያለው ስም

የተያዝኩት መገናኛ፣ የኮተቤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነበር። ሁለት ፖሊሶች ሰልፉን ከኋላ ጀምረው እየፈተሹ መጡ። ቦርሳዬ ውስጥ ላፕቶፕ፣ ግማሽ ዳቦና አርባ ገጽ የሚሆን የታተመ ወረቀት ነበር። ላፕቶፑን ከፍተው እንኳ አላዩትም። ወረቀቱን አወጡት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የኮምፒውተር ትምህርት ነው። እየተረጎምኩት ነው።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ስም ምንድን ነው?»

መልስ ነበረኝ፤ ረዥም መልስ። አጭር መልስ ድሮም አልችልበትም። ከርነል ምን እንደሆነ ከሥር ጀምሬ ማስረዳት ያዝኩ። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ አንደኛው ክንዴን ያዘና «እዚያ ታስረዳለህ» አለኝ። ከኋላዬ የነበረችው ሴትዮ ወደ ቦታዬ ተጠጋች፤ ሰልፉም ተጠጋ።

ያንን ሳልጨርሰው የቀረሁትን መልስ እዚህ ልጨርሰው። ከርነል የኮምፒውተር ሥርዓት እምብርት ነው፤ ፕሮግራሞች ሁሉ ዲስኩንም ማህደረ ትውስታውንም የሚያገኙት በእሱ በኩል ነው። እኔ የማግዘው በየአገሩ ያሉ ሰዎች በነፃ የሚጽፉትን፣ ማንም አንብቦ ሊያርመው የሚችለውን ነው። ኮዱን አልነካም። አዲስ ገቢ ሰው ሳይደናበር ሥራ እንዲጀምር የሚያስረዳውን መመሪያ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ይህ ሥራ አንድ የማይታለፍ ደንብ አለው። የጻፈ ሰው ከጻፈው ግርጌ እውነተኛ ስሙን ያሰፍራል። አንብቦ ያረመለት ሰው ከእሱ ሥር ይጽፋል፤ የተቀበለው ደግሞ ከዚያ ሥር። ያልጻፍከውን ወይም ከየት እንደመጣ የማታውቀውን ነገር ጽፌዋለሁ ብለህ አትፈርምም።

ከእኔ ስም ሥር የነበረው የአንዲት የሒሳብ አስተማሪ ስም ነው። ወዳጄ ናት፤ ኮተቤ ታስተምራለች። ፕሮግራም አትጽፍም፣ አማርኛዬን ግን የምታቀናልኝ እሷ ናት። ሦስተኛውን ምዕራፍ፣ ብዙ ሥራዎች አንድን ነገር ቁልፍ እየተቀባበሉ እንዴት በተራ እንደሚጠቀሙ የሚያስረዳውን፣ በቀይ እስክሪብቶ አልብሳ መልሳልኝ ነበር። እኔ «ቁልፉን ያገኘው ሂደት በመጠባበቅ ላይ የሚገኙ ሌሎች ሂደቶች መኖራቸውን ከግምት ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል» ብዬ ነበር። እሷ ጠርጋ አጠፋችውና «ቁልፉን የያዘ፣ ደጅ የሚጠብቅ እንዳለ አይርሳ» ብላ ጻፈች። ዳር ላይ ደግሞ «እንግሊዝኛ ነጠላ ለብሶ ነው እንዴ የመጣው?» የሚል ጨምራበታለች።

ስሟን ግርጌ ላይ ላሰፍር ስል፣ «ባትጽፈው ምናለበት?» አለችኝ። «ጊዜው እንደምታየው ነው።»

«ደንብ ነው» አልኳት። «የሠራ ሰው ስሙ ይጻፍለታል።»

«ደረቅ!» አለችና ተወችው። እናቴም የምትለኝ እሱኑ ነው።

የገባሁበት ክፍል ከእንጦጦ ግርጌ፣ የካ ውስጥ ያለ አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። ስድስት እርምጃ በአራት እርምጃ፤ አሥራ ዘጠኝ ሰው። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር ሁለት ብሎኬት ሳይገጠም ቀርቷል፤ በዚያ በኩል ተራራው ላይ ያለው የባሕር ዛፍ ጫፍ ይታያል። ጠዋት ጠዋት ከላይ፣ ከእንጦጦ ማርያም፣ የቅዳሴ ድምፅ ይመጣል፤ ነፋሱ ሲዞር ይቋረጣል። በሩ ሥር አፉ የተቆረጠ ጀሪካን አለ፤ አዲስ ገቢ ከእሱ አጠገብ ይተኛል። ቦታ ስለማይበቃ ሁሉም በአንድ ጎን ነው የሚተኛው። አንዱ መዞር ከፈለገ ካቦው «ዙር!» ይላሉ፤ አሥራ ዘጠኙም ይዞራል። ፈርቼ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። የፈራሁት መሞትን አልነበረም፤ እዚያ አስቀምጠውኝ ይረሱኛል ብዬ ነው።

ካቦ የምንለው የክፍሉን አለቃ ነው። የእኛ ካቦ ስልሳን ያለፉ የእንጦጦ ገበሬ ነበሩ፤ ድንችና ገብስ ያመርታሉ። አለቃ የሆኑት በጉልበት አይደለም፤ በዕድሜ ነው። ግድግዳ ተደግፎ የሚቀመጠውን፣ ብሎኬቱ ሥር ቆሞ አየር የሚወስደውን በተራ ይመድባሉ። ማታውኑ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«በምን መጣህ፣ ልጄ?»

«በወረቀት፣ አባባ።»

«የምን ወረቀት?»

ከርነሉን ዘለልኩትና ስለ ስሞቹ ነገርኳቸው። የጻፈው ይፈርማል፣ ያየው ከሥሩ ይፈርማል፣ የተቀበለው ከዚያ ሥር።

«ለምን?»

«ነገ ነገሩ ቢበላሽ ማን ጋ እንደሚኬድ እንዲታወቅ ነው።»

አዩኝ አዩኝና፣ «ይኸው ተበላሸ፣ መጡብሃ!» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከታሰርኩ ጀምሮ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሳቁ ሲበርድ «እኔም በወረቀት ነው» አሉ። «ስብሰባ ጠሩን። በር ላይ ‹መገኘትዎን ለመመዝገብ ነው፣ ጣትዎን ያሳርፉ› አሉኝ። አሳረፍኩ። ኋላ ሲነበብ ለካ መሬቴን ለቅቄያለሁ! አልለቀቅሁም ብዬ ጮህኩ። ሕዝብ አነሳሳ ተባልኩ።» የቀኝ አውራ ጣታቸውን እያገላበጡ ተመለከቱት። ከዚያ ወሬውን ትተው ተራ ወደማውጣቱ ተመለሱ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው ዘንድ ወሰዱኝ። እኩያዬ ነው፤ ሰማያዊ ሹራብ ለብሷል፣ ሲናገር ትሑት ነው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አርባው ገጽ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። የውጭ አገር ሰዎቹን ስሞች ትቶ የአስተማሪዋን ስም በእስክሪብቶ ከቦታል።

«ይቺ ማናት?»

«አማርኛዬን የምታርምልኝ አስተማሪ ናት።»

«እሷ ካላየችው ይወጣል?»

እዚህ ላይ «አዎ» ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነበር። እኔ ግን ስለ ደንቡ ሲጠየቅ አፌ አይዘጋም፤ አንባቢ ያላየው ጽሑፍ ተቀባይነት እንደሌለው፣ እሷ ያላረመችውን እንደማልልክ አብራርቼ ነገርኩት። እሱም እየደጋገመ «እሺ፣ እሺ» እያለ ጻፈ።

«ስለዚህ እሷ ካልፈቀደች አይወጣም።»

«አይወጣም» አልኩ። እውነት ነበር። ወደ ክፍሉ ስመለስ ነው ያደረግሁት የገባኝ። በሩ ሥር፣ ጀሪካኑ አጠገብ ቁጭ አልኩ።

በአምስተኛው ቀን ቀትር ላይ መርማሪው አንድ ገጽ በኮምፒውተር የተጻፈ ቃል ይዞ ጠበቀኝ። ቃሌ ነው ተባለ። አነበብኩት። ትዕዛዝ የምትሰጠኝ እሷ ናት፤ ወረቀቱ የቡድኑ መመሪያ ነው፤ ስሞቹ የአባላት ናቸው። ግርጌው ላይ የእኔ ስም ተጽፎ ነጥብ ነጥብ ተደርጎበታል።

«ነገ ጠዋት ትፈርምና ነገውኑ ቤትህ ትገባለህ» አለኝ። «ካልፈረምክ የአሥራ አራት ቀን ቀጠሮ ይጠየቅብሃል። ከዚያም ሌላ አሥራ አራት። በቃ፣ ምርጫው የራስህ ነው።»

እውነቱን ልናገር፤ ልፈርም ነበር። ከሰዓቱን ሙሉ ምክንያት ስፈልግ ዋልኩ። አስተማሪ ናት፣ አያቆዩዋትም። ከእኔ ይልቅ እሷ ታስረዳቸዋለች። ለጥቂት ቀን ነው። እያንዳንዱ ምክንያት ጥሩ ይመስለኝና ያቺ «ባትጽፈው ምናለበት?» ያለችው ነገር ትመጣብኛለች። ስሟን እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ። አሁን ደግሞ ሰንሰለቱን የማስርላት እኔ ልሆን ነው። ውጭ ቁልፍ በተንቋጨለ ቁጥር ደጅ የሚጠብቀውን ሰው የሚያስታውሰው ያ ዓረፍተ ነገሯ ይመጣብኛል፤ ጆሮዬን መያዝ ቀረኝ።

ካቦው ተራቸውን ለቀቁልኝ። ብሎኬቱ ሥር ቆሜ አየር እንድወስድ አድርገው እሳቸው አጠገቤ ቆሙ። ነገርኳቸው።

«ጽሑፉን ማን ጻፈው?»

«እሱ ነዋ፣ መርማሪው።»

«ስሙ አለበት?»

«የለበትም።»

«እንዴ! እናንተ ዘንድ የጻፈው ነው የሚፈርመው አላልከኝም?»

ፊቴን ወደ ብሎኬቱ ክፍተት አዞርኩ።

«እኔ ሳላውቅ ነው ጣቴን ያሳረፍኩት» አሉ ቀስ ብለው። «አንተ ግን አንብበኸዋል፣ ልጄ። እያወቅህ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ወረቀቱን ወደ እኔ አዙሮ እስክሪብቶ አቀበለኝ። እስክሪብቶውን አልያዝኩትም።

«መጀመሪያ የጻፈው ሰው ይፈርማል» አልኩት። «እርስዎ ይፈርሙና እኔ ከሥርዎ እፈርማለሁ።»

ሳቀ። «ቀልደኛ ነህ ለካ! ቃሉ እኮ የአንተ ነው።»

«የእኔ ከሆነ ባዶ ወረቀት ይስጡኝ፤ በእጄ ልጻፈው። ስለ አማርኛ እርማት ነው የምጽፈው።»

እሱ እስክሪብቶውን አነሳ። ግርጌውን አየ፤ ከእኔ ስም በላይ አንድ ስም የሚያስገባ ቦታ ነበረው።

«ሥራዬ ነው እኮ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሥራዎ ከሆነማ ይፈርሙበት።»

እስክሪብቶውን ከድኖ ኪሱ ከተተ። «ውሰዱት» አለ በሩ ላይ ላሉት።

ከዚያ ኮሪደሩ ላይ የሆነውን አልጽፈውም። ስገባ ካቦው ደግፈው አስቀመጡኝ።

«ፈረመ?»

«አልፈረመም።»

«እንዴት ይፈርማል!» አሉ፣ ደስ ብሏቸው። ከዚያ የግራ ጎኔን ነካ ሲያደርጉኝ ጮህኩ። ወደ ክፍሉ ዞሩና «ስሙ፣ እስኪሻለው ድረስ መኝታ በቀኝ ብቻ ነው። ዙር የለም» አሉ። ማንም አላጉረመረመም። አሥራ ስምንት ሰው ለእኔ ብሎ ሳምንት ሙሉ በአንድ ጎኑ ተኛ። ሲነጋ ትከሻቸውን እያሹ ይነሱ ነበር። እስር ቤት ውስጥ ያለቀስኩት ያኔ ብቻ ነው።

አሥራ አራቱ ቀን ተጠየቀብኝ። ሌላ አሥራ አራትም ተጨመረ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ «ዕቃህን ያዝ» ተባልኩና ያለ ክስ ወጣሁ። ላፕቶፑም ወረቀቱም አልተመለሰልኝም። ለካቦው ሁለት ጊዜ ስንቅ ይዤ ሄድኩ፤ በሁለተኛው ጊዜ «ተዛውረዋል» አሉኝ። የት ብዬ ብጠይቅ የሚነግረኝ አላገኘሁም። አሁንም በማርያም መንገድ ስወጣ የድንች ማሳ ባየሁ ቁጥር የእሳቸው ይሆን እላለሁ።

አስተማሪዋን ትምህርት ቤቷ በር ላይ ጠበቅኳት። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ሳልከፍት እሷ ቀደመችኝ።

«ጠርተውኝ ነበር። እስከ ቀትር አቆዩኝ። ‹ትዕዛዝ ሰጥተሻል ተብሏል› አሉኝ። ማነው ያለው፣ የፈረመበትን አሳዩኝ አልኳቸው። የሚያሳዩኝ አጡ።» ከዚያም «ወደ ክፍል ተመልሼ አምስተኛውን ፔሬድ አስተማርኩ» አለች።

«እኔ እኮ...»

«አውቃለሁ። ስሜን ግን አውጣው፣ እሺ?»

ደንቡ ልል ነበር። «እሺ» አልኳት።

ይህን ትዝታ ስጽፍ የማንንም ስም አላሰፈርኩም። ስም ስም ስል ለኖርኩ ሰው ይህ እንዴት እንደሚያንቅ የሚያውቀው ይህን ሥራ የሠራ ነው። ሦስተኛውን ምዕራፍ እንደገና ተርጉሜ በቅርቡ ላክሁት። የእሷ ዓረፍተ ነገር አንድ ፊደል ሳይነካ እዚያው ነው። ግርጌው ላይ ስሜን ጻፍኩና ከሥሩ አንድ መስመር ክፍት ተውኩ። ሥራውን የሚቀበለው፣ በአካል አይቼው የማላውቀው የሌላ አገር ሰው፣ ጽሑፉን ካመሰገነ በኋላ ትርጉሙ ተቀባይነት እንዲያገኝ የቀረው አንድ ትንሽ እርማት ብቻ መሆኑን ጻፈልኝ፤ ግርጌው ላይ ያለው ባዶ መስመር ይውጣ።

«ባዶ አይደለም» ብዬ መለስኩለት።