ላይኛው ንፋስ ሳይመጣ

ልጅ ሳለሁ ተረት ያወሩልኝን ሽማግሌ በሰው ፊት አዋርጃለሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ አፌን ይመረኛል።

ከወሎ ለሰፈራ ተጭነን አሶሳ አጠገብ በሰፈርን በዓመቱ ነው። አባባ ሙሳ የሚባሉ የበርታ ሽማግሌ አመሻሽ ላይ የማሽላ አገዳ አንድደው እኛን የሰፋሪ ልጆች ይሰበስቡን ነበር። ያኔ ፍሙ ፊታቸውን እያቀላ ስለ ሁለት ወንድማማች ንፋሶች ይተርኩልናል፤ ታናሹ ከሱዳን በኩል ውሃ ተሸክሞ ዝቅ ብሎ ይመጣል፤ ታላቁ ግን ምሥራቅ፣ ከደመና ሁሉ በላይ ተቀምጧል፤ እሱ ተነስቶ በራሳችን ላይ ወደ ምዕራብ ካልሮጠ ታናሹ ትንሽ ውሃ ደፍቶ ይሸሻል። ከዚያ ጣታቸውን ይቀስራሉ። የእሳቱ ጭስ ወደ ምሥራቅ ተኝቶ፣ ላባ የመሰለው ሩቅ ደመና ወደ ምዕራብ ሲሄድ ካያችሁ ክረምት ገብቷል፣ ያኔ ዝሩ ይሉናል።

የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። አባባ ሙሳ ግን ደመናውን አይተው «የላይኛው ንፋስ ገና ነው፣ አትዝሩ» አሉን። በእኛ አገር ልማድ ዝናብ ከጣለ ይዘራል፤ የሰፈራው ካድሬም ያለን በቆሎ ሁሉ በአንድ ቀን እንዲዘራ አዘዘ። የዓመቱ ዘራችን እሱ ብቻ ነበር።

«አትዝሩ እያለ የሚያስወራው ማነው?» አለ ካድሬው ስብሰባ ላይ።

ማንም አልጠየቀኝም። ብድግ ብዬ ጀርባዬን አጎበጥኩና በአባባ ሙሳ ድምፅ «ላይ ንፋስ ገና አልመጣችም!» አልኩ። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። አባቴም ሳቀ። እኔም ደስ አለኝ።

ካድሬው አስጠርቶ መሀል አቆማቸው። «አንተ አድሃሪ! ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ!» አላቸው። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሳቅ ጥሩ ነው። ዘር ግን ግማሽ አስቀምጡ።»

ማንም አላስቀመጠም። ዝናቡ ጠፋ፤ ቡቃያው በፀሐይ አረረ። ያልበቀለውን እኛ ልጆች በጥፍራችን ቆፍረን አወጣን፤ ሻግቶ ያዳልጣል፣ ይገማል። አጥበን ቆላነው፣ በላነው፣ አስመለሰን። ዝናቡ ተመልሶ ሲመጣ የሚዘራ ፍሬ አልነበረንም።

ሁለተኛ ደረጃ ስማር የጂኦግራፊ መምህራችን በክረምት ወራት ከእስያ በላይ፣ በከፍተኛው አየር ላይ፣ ትልቅ የግፊት ክምችት እንደሚፈጠር፣ ከእሱም የሚነሳው የምሥራቅ ንፋስ በላያችን ሲበረታ ዝናባችን እንደሚጠና በጠመኔ ሣሉልን። ታላቁ ወንድም ነበር። የዚያ በቆሎ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ከክፍል ወጥቼ አስመለስኩ።

መንደራቸው ስሄድ አባባ ሙሳ ሞተዋል። ከተረቱ ይልቅ በጆሮዬ የቀረው የራሴ ሳቅ ነው፤ እጸየፈዋለሁ። እሳቸውን ይቅርታ መጠየቅ አልቻልኩም። ይህን ያነበባችሁ፣ እባካችሁ እናንተ ይቅር በሉኝ።