ሆቴሉን ያጸደቀው አሜን

መሃል ከተማ፣ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ባዶ ሜዳ ነበር። እድራችን የለቅሶ ድንኳን የሚተክለው እዚያ ነው። በኢሕአዴግ ጊዜ፣ ስብሰባ በሰለቸን ሰሞን፣ ቀበሌው ጠራንና «ሜዳው ላይ ሆቴል ሊሠራ ነው፤ አስተያየት ስጡ» አለን።

ሰጠን። ፀጉር አስተካካዩ «ለእንግዳ አልጋ ስናነጥፍ ለቀስተኛችንን የት እናስቀምጥ?» አለ። ባለሱቁ ጎረቤቴ ደግሞ «ልማት አንጠላም፣ ግን ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው?» አሉ። እኔም ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተናገርኩ። ሰብሳቢው ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠን። አንድም ሰው ሆቴሉን አልደገፈም።

ደክሞን ልንበተን ስንል ሰብሳቢው ወደ እድሩ ዳኛ፣ ሁላችን ወደምናከብራቸው ሽማግሌ ዞሮ «አባባ፣ እርስዎ መርቀው ያሰናብቱን» አላቸው። እሳቸው ደግሞ መርቁ ከተባሉ እምቢ ማለት አያውቁም። ተነስተው እጃቸውን ዘርግተው «የታሰበው ይሳካ፣ የተጀመረው ለፍጻሜ ይብቃ» አሉ። እኛም እንደ ልማዳችን በአንድ ድምፅ «አሜን!» አልን። ለምርቃት ዝም የሚል ሰው የት አለ?

«በሉ እንግዲህ፣ ሕዝቡ ተቀብሎታል» አለና ሰብሳቢው አጨበጨበ። ከእኛም አብሮት ያጨበጨበ አልጠፋም፤ እጅም ይለምዳል ለካ።

ሆቴሉ ተሠራ። ሽማግሌው ሲያርፉ ድንኳናቸውን የተከልነው አስፋልት ዳር ነበር። ገና አረፍ ከማለታችን የሆቴሉ ዘበኛ መጥቶ «የመኪና መግቢያ ዘግታችኋል፤ ፈቀቅ በሉ» አለን።

ድንኳኑን ነቅለን ፈቀቅ አልን።