ለዶጅ የተላኩ ሽማግሌዎች

አሳምነው ዌስት ሴንት ፖል ከገባ ሃያ ምናምን ዓመቱ ነው። ሥራው ሆም ኬር ነው፤ አቅም ያነሳቸውን ፈረንጆች ያጥባል፣ ያበላል፣ ሲነጫነጩም ቁጭ ብሎ ይሰማል። እቤቱ ሲገባ ግን ጆሮው ይዘጋል። ከሚጠብቃቸው አንዱ፣ ላርስ የሚባል ሽማግሌ፣ ሊሞት ሲል መኪናውን አወረሰው። ሰው ቤት ይወርሳል፣ መሬት ይወርሳል፤ አሳምነው ዝገት ወረሰ።

የ1974 ዶጅ ቻሌንጀር ናት። ፈረንጅ እንዲህ ያሉ ጉልበተኛ መኪኖችን መሥራት ሊያቆም ሲል ከሠራቸው የመጨረሻዎቹ አንዷ ናት አሉ። ቤንዚን ተወዶ ነው ይላሉ፤ እሷን አይቶ አፍሮም ይሆናል። ቀለሟ ሲሞቅ የከረመ ጎመን ነው። ፓራፋንጎዋ ዝጓል፣ ወንበሯ ተተርትሯል፣ ሞተሯ ሲነሳ ሰፈሩ ሁሉ አብሮ ይነሳል። ላርስ ግን እጁን ይዞ፣ «ከፋብሪካ እንደወጣች ናት፤ ቀለሟን እንዳታስነካ» አለው። አሳምነውም «እሺ» አለ። ለሚስቱ እሺ ብሎ የማያውቅ ሰው።

በረዶ ሲመጣ ጋራዡ የዶጅ ነው፣ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው እንዳይነካት። የሚስቱ የማሚት ቶዮታ ውጭ ያድራል። ማሚት በጠዋት እጇ እየደነዘዘ በረዶ ስትፍቅ፣ ዶጅ የማሚት እናት የላኩላትን ጋቢ ለብሳ ትተኛለች። ማሚት ይሄንን ሁሉ ችላ ኖረች።

ነገሩ የፈነዳው ልጃቸው ኢየሩሳሌም ልታገባ ስትል ነው። «ዳድ፣ በዶጅ ነው የምሄደው» አለች። አሳምነው ሊያለቅስ ደረሰ።

«ትሂድ» አለች ማሚት፣ «ግን ተቀብታ። መካኒኩ ኤጀታ ብሩክሊን ሴንተር ጋራዥ አለው፤ ነጭ አድርጎ ይመልሳታል።»

«ነጭ?» አለ አሳምነው፣ መርዶ እንደሰማ ሰው።

«ነጭ። ያችን ዝገት አጃቢ መሀል አስገብተህ፣ ለልጃቸው መኪና መከራየት አቃታቸው ታስብለኛለህ? ወይ ትቀባለች፣ ወይ እኔ ሰርጉ ላይ የለሁም።»

ሌላ ባል ቢሆን ይለማመጣል፣ ሽቶ ይገዛል። እሱ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌ ላኮረፈች ሚስት ይላካል፣ ለጋብቻ ይላካል፤ ለመኪና የላከ እሱ ብቻ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሆነው መጡ። መሪያቸው የሲዋርድ ሰፈሩ አቶ ጎንፋ ነው፤ ከአውቶብስ ሹፌርነት ጡረታ ወጥቶ የሰው ጠብ እንደ ደመወዝ የሚናፍቅ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች ማሚት።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

«እንግዲያው ቁሙ።»

አንደኛው ሽማግሌ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ከተደረገ ገና ቅርቡ ነው፤ ሶፋውን እንደ ገነት ያየዋል።

«የምንፈርደውን ሁለታችሁም ከአሁኑ ተቀበሉ» አለ ጎንፋ።

አሳምነው ሽማግሌዎቹ የራሱ ናቸውና ደረቱን ነፍቶ፣ «ተቀብያለሁ» አለ። ማሚትም ፊቷን አዙራ፣ «ይሁን» አለች። ያን ጊዜ ተቀመጡ፣ ያ ባለ ጉልበቱ መጀመሪያ። ከዚያ ወጥተው ዶጅን በሬ እንደሚገዛ ሰው ዞሯት፣ ተንሾካሾኩ፣ ተመለሱ።

«እንግዲህ» አለ ጎንፋ፣ «ማንም እንዳይጎዳ አድርገናል። ሙሽራዋ የምትወርደው በቀኝ በኩል ነው፤ ካሜራውም እዚያው ነው። ቀኟ ነጭ ይቀባ። ግራዋ እንዳለ ይቅር።»

አሳምነው ዞሮ ወደ ጋራዡ አየ። ሽማግሌ ሲባል ለካ መሀል ላይ መቁረጥ ብቻ ነው የሚያውቀው። የላርስ ቀዝቃዛ እጅ ትዝ አለው። ግን ተቀብያለሁ ብሏል፤ አሁን ቢያፈርስ ነገ ማን ይቆምለታል?

«እሺ» አለ፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚናገር።

ማሚት አሰበችው። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጎመን። በቀኝ የቆመ እልል ሲል በግራ የቆመው ሲስቅ ታያት።

«ቀለም አለቀባቸው ልታስብሉኝ ነው? እንደሱ ከምታዋርዱኝ እንዳለች ትሂድ። ዝገቱ ቢያንስ ሁለቱም ጎኗ ላይ አለ።»

«የድርሻሽን ከተውሽማ ምን እንላለን» አለ ጎንፋ፣ ቶሎ ብሎ። ምሳም ሳይጠሩት ተነስቶ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

አሳምነው ግን እንቅልፍ አልተኛም። ለሰርግ መኪና ሪባን የሚለጠፈው በፕላስተር ነው፤ የዚች ቀለም ደግሞ ፕላስተር ሲላቀቅ አብሮ ይሄዳል። እንዳይናገር ፈራ፤ ከድል በኋላ አፍ መክፈት ምን እንደሚያመጣ ያውቃል።

የሰርጉ ጠዋት ሲወጣ ዶጅ ተሸልማ ቆማለች። ጎንበስ ብሎ ሪባኑን በጣቱ ተከተለው፣ ከስፖኪዮው እስከ አፍንጫዋ። አንድ ፕላስተር የለም። ሁሉም በመስፊያ ክር ታስሯል፤ ክሩ ቀለሟን እንዳይቧጭርም ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል። ጨርቁን ለየው። የዚያ ጋቢ ቁራጭ ነው።

ማሚት ባሏን ሳታይ ፊት ወንበር ላይ ተሰይማለች፣ ተተርትሮ የወጣውን ስፖንጅ በቀሚሷ ሸፍና።

«ማሚትዬ…»

«ምን ታየኛለህ? ፕላስተር አልቆብኝ ነው።»

ያልተከፈተ ፕላስተር ከቦርሳዋ አፍ ብቅ ብሏል። በክርኗ ወደ ውስጥ ገፋችው።

«ንዳ» አለችው።