የእህል ቤት ሳል

አሰላ ላይ እህል የሚነግድ ሰው በሳል አይደነግጥም። እንዲያውም መጋዘን ገብቶ ሳያስል የሚወጣ ገዢ ያጠራጥራል፤ ጆንያውን አገላብጦ አላየም ማለት ነው።

ከመስማት ብዛት ሳል መለየት ለምጄያለሁ። የአቧራ ሳል ደረቅ ነው፤ ሰውዬው ወጥቶ ንጹሕ አየር ሲያገኝ ይተወዋል። ከበቆጂ ብርድ ጋር የሚመጣው ጉሮሮ ይከረክራል፣ ንፍጥ ያስከትላል፣ ሰንበት ብሎ ይለቃል። አስም ያለበት ሹፌር ደግሞ ገብስ ሲራገፍ ደረቱ ያፏጫል። ለሁሉም መድኃኒታችን አንድ ነበር፤ ወተት። ምሳ ሰዓት ላይ አስመጥተን እንጠጣለን፤ አቧራውን ያጥባል እንላለን።

ሚዛን ላይ የሚቆሙልኝን ሽማግሌ ሐጂ እንላቸዋለን፤ መካን ያዩት በቴሌቪዥን ነው። ክረምት ገብቶ መጋዘኑ ባዶ ሲሆን የሁላችንም ሳል ተወን፤ የእሳቸው ግን ቀጠለ፤ ያውም ከአክታ ጋር። ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ሰፋ። ሌሊት በላብ እየራሱ ሚስታቸው በዚያ ዝናብ አንሶላ ማድረቂያ እንዳጣች እንደ ቀልድ አወሩን።

«ሐጂ፣ ይሄ የአቧራ አይደለም። ሐኪም ይይዎት» አልኳቸው።

«ወተቱን ስለቀነስክብኝ ነው።»

«በወተት ቢሆን እስካሁን ጥጃ ሆነው ነበር።»

ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። መሐረባቸውን ሲያጥፉ ደም አየሁ፤ ማየቴን እሳቸውም አዩ።

«ሳንባ ነክቶታል ከተባልኩ ልጄን ማን ያገባታል? ሽማግሌ ሊልኩ ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ሲመጡስ ማን ሊቀበላቸው ነው?»

በማግስቱ ጤና ጣቢያ አብረን ሄድን። ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበች ነርስ አክታቸውን ተቀበለች። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው ዝም እንደማይባል ነገረችን። የወተቱን ነገር አነሳሁባት።

«ወተቱ የሚወርደው ሆድ ውስጥ ነው፤ አቧራው ያለው ሳንባ ውስጥ። የት ተገናኝተው ነው የሚያጥበው?» አለች።

ውጤቱ ቲቢ ሆነ። «ይድናል» አለቻቸው፤ «ግን ተሻለኝ ብለው እንዳያቋርጡ። ወራት ይፈጃል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሰው ራቅ ይበሉ፣ መስኮት ይክፈቱ።» ከዚያ ማን አብሯቸው እንደሚውል ጠየቀች።

ሐጂ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «እሱም ሲያስል ነበር።»

«የእኔ የአቧራ ነበር፤ ትቶኛል» አልኩ።

«እሳቸውም እንደዚያ ነበር ያሉት» ብላ አክታ የምተፋበት ትንሽ ዕቃ ሰጠችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስል ኖሬ፣ ያን ዕለት ሳሉ እንቢ አለኝ። ሐጂ አጠገቤ ቆመው «በል እንጂ!» ይሉኛል።

ለልጃቸው ጠያቂዎች ግን አጨዳ ይለፍ ብለው ላኩላቸው። በእኛ አገር አጨዳን ያነሳ ሰው ለምን አይባልም።