መስመር ላይ ሰው አለ

እትዬ ሀሎ በዚያ ጠዋት ጫማዋን እየጠረገች አንድ የድሮ ዘፈን ታንጎራጉር ነበር።

«መስመሩ ቢቀጥን፣ ድምፅህ ቢርቅብኝ፣
ልቤን ልላከው ወይ…»

ከዚያ ወዲያ ጠፋባት። ደጋግማ ጀመረችው፤ ልቧ ሳይላክ እዚያው ቀረ።

ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበረች፤ ሰፈሩ «እትዬ ሀሎ» ያላት ለዚህ ነው። የስንቱን ናፍቆት፣ የስንቱን መርዶ አገናኝታለች። የታላቅ ወንድሟን ድምፅ ግን ሰምታ አታውቅም። አናጢው ወንድሟ ከሕፃንነቱ ጀምሮ መስማትም መናገርም አይችልም፤ ወንድምና እህት በእጃቸው ነው የሚያወሩት።

ጡረታ ስትወጣ የኢንተርኔት ተጠቃሚዎች ማኅበር ውስጥ በበጎ ፈቃድ ገባች። ማኅበሩ ኢንተርኔት በምን ደንብ ይተዳደር ሲባል የተራውን ሰው ሐሳብ የሚያሰማ ነው። ወንድሟንም አስገባችው። ጉልበቱ ደረጃ ስለማያስወጣው ቤት ሆኖ በስልኩ ይከታተላል። በጎ ፈቃደኞች የሚባለውን ሁሉ ስክሪኑ ላይ ሲጽፉ ያነባል፤ ተራው ሲደርስም ሐሳቡን ይጽፋል።

ማኅበሩ የሚሰጣት የአመራር ሥልጠና ስድስት ቅዳሜ ፈጅቷል። የዛሬው ሰባተኛውና የመጨረሻው ነው፤ እውነተኛ ስብሰባ መምራት። የእሷ ዕጣ ሆኖ አጀንዳው ያ የስክሪን ላይ ጽሑፍ ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚል ወጣ። ጸሐፊዎቹ አምስት ነበሩ፤ ሁለት ቀርተዋል፤ እነሱም ጣታቸው ዝሏል።

አሠልጣኟ በር ላይ ያዘቻት። «እትዬ፣ ሰብሳቢ የራሱን ሐሳብ ከመድረክ አይገፋም። ያስታውሳሉ አይደል?»

«አፌን ለጉሜ ነው የመጣሁት፣ ልጄ።»

ማኅበሩ በሚሰበሰብበት፣ ከሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት በላይ ባለው ክፍል፣ ወንበር ቀርቦላት አልቀመጥ አለች። ከፍርሃቷ ብዛት ቆማ መራች። ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ሰጠች።

«ለአንድ ሰው ብለን ነው እኮ የምንደክመው!» አለ ከአባላቱ አንዱ፣ ፋርማሲስቱ።

አንድ ሰው! የእሷ ሰው። ሰዓቷን አየች። «ሁለት ደቂቃዎ አልቋል፣ አመሰግናለሁ» ብቻ አለች።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ «አናጢው እየጻፈ ነው» የሚል ታየ። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት። ምንም የለም። አንዱ አዛጋ፤ አንዷ የውሃ ጠርሙሷን ማንቋቋት ጀመረች።

«ጊዜው አለቀ፣ ወደ ድምፅ እንለፍ» አለ ፋርማሲስቱ።

«መስመር ላይ ሰው አለ!» ከአፏ አመለጣት።

«ወንድምዎ ስለሆነ ነዋ! እኔን በሰከንድ አይደል እንዴ ያስቆሙኝ?»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ፊቷ ጋለ፤ ሰውየው እውነቱን ነበር።

«ወንድሜ ነው» አለች። «ስለዚህ ብይኑን እናንተ ስጡ። እንጠብቀው ወይስ እንለፍ? እጅ አውጡ።»

ማንም እንዳያፍራት ብላ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ መስኮቱ ዞረች። አሠልጣኟ ቆጠረች።

«ይጠበቅ ብለዋል፣ እትዬ።»

ጠበቁ። ቃሎቹ መጡ።

«በሁለት ጣት ስለምጽፍ ይቅርታ። ቤታችን ውስጥ ሲሳቅ፣ ምን እንደተባለ ሳላውቅ ዕድሜዬን ሙሉ አብሬ ስቄያለሁ። እዚህ ግን ገብቶኝ ነው የምስቀው። አሁንም፣ እህቴ በሰከንድ ስላስቆመችው ሰው። ጸሐፊዎቹ ደክመዋል፣ አውቃለሁ። እንዳቅማችሁ አድርጉት።»

እትዬ ሀሎ ጠረጴዛውን ያዘች። ስድሳ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ስትኖር ይህን አታውቅም ነበር።

ፋርማሲስቱ አንገቱን አከከ። «እኔ… የሐኪም ጽሑፍ ስፈታ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የእናንተ ወሬ አያቅተኝም። ከጸሐፊዎቹ ጋር መዝግቡኝ።» ሌሎች ሦስት ተከተሉት። ጽሑፉ ይቀጥላል ተባለ።

ቤት ስትደርስ ወንድሟ ሾርባውንና ዳቦውን አቅርቦ ይጠብቃት ነበር። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ ቆማ በእጆቿ ማውራት ጀመረች። ስለ ስብሰባው አልነበረም። ልጆች ሳሉ አባታቸው ድመቷን በአክስታቸው ስም የጠሩ ለት፣ አክስታቸውም ከጓዳ «አቤት!» ያሉ ለት፣ ቤቱ በሳቅ የፈረሰበትን ምክንያት ነገረችው።

አናጢው ትኩር ብሎ አያት። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እንባው በጉንጩ እስኪወርድ ሳቀ። ሌላም እንድትነግረው በጣቱ ጠየቃት።

ብዙ እንዳለ ነገረችው። እሱ ወንበሩን በእግሩ ሳብ አደረገላት። ተቀመጠችና ማንኪያዋን አነሣች።