ጋሽ ወልዱና የፕሬዚዳንቶቹ ሳንቲሞች

ጋሽ ወልዱ አርፈዋል። በዌምብሊ፣ በሃክኒም ሆነ በሌላው የለንደን ሰፈር ለምትኖሩ ወዳጆቻቸው ይህን መርዶ የማደርሰው በሐዘን ነው። ማክሰኞ ጠዋት ከፓርክ ሮያሉ ብስኩት ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃቸውን ጨርሰው ሲወጡ ልባቸው ደከመ፤ ሆስፒታል ከደረሱ በኋላም ብዙ አልቆዩ።

ጋሽ ወልዱ የአስመራ ልጅ ነበሩ። በወጣትነታቸው እዚያው በነበረው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሠርተዋል። ወታደሮቹ ከኪሳቸው ዝርዝር ሲያወጡ እሳቸው በሳንቲሙ ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ይጠይቋቸው ነበር፤ መሰብሰብ የጀመሩትም በዚያን ጊዜ ነው። ደርግ ከመጣ በኋላ በሱዳን በኩል ለንደን ሲገቡ ከልብሳቸው ሌላ የያዙት እነዚያኑ ሳንቲሞች ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እቤታቸው ጎራ ያለ ሰው ሳንቲሞቹን ሳያይ አይወጣም። ሊንከን በአንድ ሳንቲሙ ላይ የወጡት በተወለዱ በመቶኛው ዓመት መሆኑን፣ ከዚያ በፊት የአሜሪካ የመገበያያ ሳንቲም የፕሬዚዳንት መልክ ይዞ እንደማያውቅ ይነግሩናል። ሩዝቬልት በአሥር ሳንቲሙ ላይ የተቀረጹት ልጆችን ሽባ ከሚያደርገው በሽታ ጋር ለመታገል ሕዝቡን አሥር አሥር ሳንቲም ያሰባሰቡ ሰው ስለነበሩ ነው ሲሉ ድምፃቸው ይለሰልሳል። ዋጋውን ሲያስረዱ ደግሞ ሳንቲሙን በጎኑ ያቆሙታል። «ፊቱን ተወው፤ ጠርዙን እይ። ቀይ መስመር ካለበት ውስጡ መዳብ ነው፤ ከሌለበት የብር ማዕድን ነው» ይሉ ነበር። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ኬኔዲ ከተገደሉ ከጥቂት ወራት በኋላ የወጣውን የመጀመሪያውን ግማሽ ዶላር ነው። ሰው ሁሉ ለመታሰቢያ እያስቀመጠው ገበያ ላይ እንደ ልብ አይታይም ነበር።

እኔና አልማዝ ልንጋባ ስንወስን ሁለታችንም ገና ስደተኞች ነን፤ ቀለበት የምንገዛበት አልነበረንም። ቀለበቱ ይቆይ ብዬ ተናገርኩ። ጋሽ ወልዱ ግን የአልማዝን ቅሬታ ከፊቷ ላይ አይተዋል።

ያኔ የብር ማዕድን ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር። ሃክኒ ገበያ ያለ አንድ ነጋዴ ሳንቲሞቹን ሽጥልኝ እያለ ይወተውታቸዋል። አንድ ቅዳሜ አብሬያቸው ሳለሁ እንዲህ ያለ ዋጋ ዳግመኛ አታገኝም አላቸው። ጋሽ ወልዱም ረጋ ብለው፣ «አንተ አቅልጠህ ለማላውቀው ሰው ጌጥ ታደርገዋለህ። እኔም ጌጥ ላደርገው ነው፤ ግን ለማን እንደሆነ አውቃለሁ» አሉት። ለእኛ መሆኑን ያወቅሁት የጣት መለኪያ ክር አስይዘው ወደ አልማዝ ሲልኩኝ ነው።

ከሳንቲም ቀለበት የመሥራቱን ዘዴ ያስተማራቸው አስመራ ሳሉ አንድ አሜሪካዊ ወታደር ነበር። የብር ሳንቲሙን እያዞሩ ጠርዙን በማንኪያ ጀርባ ሲቀጠቅጡት ይሰፋል፤ መሃሉ ተበስቶ ሲወጣ ቀለበት ይሆናል። ሥራው ሳምንታት ወሰደ። ከታች የሚኖሩት እንግሊዛዊት ባልቴት የማያቋርጠውን ኳኳታ ሰምተው የውሃ ቧንቧው የተበላሸ መስሏቸው ወደ ላይ ወጡ። ጋሽ ወልዱ ነገሩን ሲያስረዷቸው ወንበር ስበው ተቀመጡና ማንኪያውን ተቀብለው ይቀጠቅጡ ጀመር።

ተራው የኬኔዲ ግማሽ ዶላር ሲደርስ እኔ ግን እሱን አያጥፉት ብዬ ለመንኳቸው።

«ሣጥን ውስጥ እስከ መቼ ልጠብቀው? ይልቅ እናንተ ይዛችሁት ዙሩ» አሉኝ።

የአልማዝ ቀለበት ከዋሽንግተን ሩብ ዶላር፣ የእኔ ከኬኔዲ ተሠራ። በእኔው ውስጥ «ነጻነት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ግማሹ ዛሬም ይነበባል። በሠርጋችን ዕለት ጋሽ ወልዱ ለአልማዝ እንደ አባት ቆሙ። ቄሱ ቀለበቶቹን አገላብጠው ከየት እንደተገዙ ሲጠይቁ፣ ጋሽ ወልዱ ከሁለት ፕሬዚዳንቶች በስጦታ የተገኙ ናቸው ብለው መለሱላቸው። ባልቴቲቱም አዲስ ባርኔጣ አድርገው ከፊት ተቀምጠው ነበር።

ጋሽ ወልዱ፣ ይቅር ይበሉን፤ ልቅሶዎ ላይ እንደ ደንቡ ማልቀስ አልሆነልንም። አንዱ ስለ እርስዎ ሲያወራ ሌላው ይቀጥላል፤ ሳቁ ከደጅ ድረስ ይሰማ ነበር። መጨረሻ ላይ ቄሱ እንኳ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ፤ ከሳቁ ይሁን ከሐዘኑ ማንም አልጠየቃቸውም። እርስዎ ቢኖሩ ወሬውን የሚጨርሱት እርስዎ ነበሩ። ደኅና ይረፉ፣ አባታችን።