ግንበኛው ጉዛራ የሄደ ዕለት

ፊደል ከለየሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነውና ለመጻፍ መድፈሬን ይቅር በሉኝ። የተሳሳትሁትን እያቃናችሁ አንብቡልኝ። የምጽፈው ስለ ራሴ አይደለም፤ አብሮኝ ስለሚማረው ስለ ግንበኛው ገብረ መስቀል ነው፤ ያላየሁትን እሱ ራሱ ነግሮኛል።

ባሕር ዳር አጠገብ ዘንዘልማ ላይ ካሉት አዲስ ቤቶች ስንቱን በእጁ እንዳቆመ እሱም አያውቀው። በአርባ ስድስት ዓመቱ የጎልማሶች ትምህርት ገባ፤ የሥራ ጓደኞቹን ግን አፍሮ ደበቃቸው። ማታ ማታ ወዴት እንደሚሮጥ ሲጠይቁት ጸሎት አለብኝ ይላቸዋል። ንባቡ አልገፋ ሲለው ለሚስቱ ለሙሉነሽ፣ ከተማሪው ጋር ጉዛራ ቤተ መንግሥትን አይቼ ልመለስና ትምህርቱን እተወዋለሁ አላት።

እሑድ ዕለት ተማሪዎቹ ሁሉ በሚኒባስ ሄድን። ኮረብታው ላይ ስንወጣ ጣና ከታች ተንጣልሎ ይታያል። መምህርት ዜማ ቤተ መንግሥቱን ማን እንዳሠራው የሚናገረውን የበሩን ጽሑፍ ተራ በተራ ታስነብበን ጀመር። ተራው ለገብረ መስቀል ሲደርሰው አንዷን ፊደል ይዞ ቀረ። ሔራን የምትባል ልጅ እግር ተማሪ፣ «ጋሼ፣ ሳይመሽብን ይጨርሱልን እንጂ» ብላ ሰውን አሳቀች። እሱም አብሮ ሳቀ። በልቡ ግን፣ ከእንግዲህስ በቃኝ አለ።

ከሰው ተነጥሎ ግንቡን ተጠግቶ ቆመ። ሳያስበው እጁ ድንጋዩን መዳሰስ ያዘ። በትልልቁ ድንጋይ መካከል ያለው ክፍተት በኖራ ብቻ አልተደፈነም፤ ትንንሽ ጠጠር አንድ በአንድ ተወትፎበታል። አባቱ ሥራ ሲያስተምሩት፣ ጠጠሩን ትቶ ጭቃ ያበዛ እንደሆነ እጁን ይመቱት ነበር።

ይኼኔ አንዱ ተማሪ፣ ይህን እኮ የሠራው ፈረንጅ ነው ሲል ሰማ። መምህርቷ ልትመልስ ስትል ገብረ መስቀል ቀደማት።

«ያሠራውን ንጉሥ እናንተ አነበባችሁ። ድንጋዩን የደረደረው ግን የእኛ ሰው ነው። ኑ እዩት፤ አባቴም እኔም እንዲህ ነው የምንወትፈው። ይህን እጅ አውቀዋለሁ።»

መምህርቷ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን እየዞረ እንዲያሳየን ለመነችው። ሔራን ከኋላው እየተከተለች ጥያቄ በጥያቄ አደረገችው፤ እሱም አንዱንም ሳያልፍ መለሰላት። ስንመለስ ከሾፌሩ ጎን አስቀመጥነው። ባሕር ዳር እስክንደርስ በየመንገዱ ያለውን ታፔላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያነብ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የሥራው አለቃ አምባቸው፣ ዛሬ ሁላችሁም ታመሻላችሁ ብሎ አዘዘ። ገብረ መስቀል ጭቃ የሚለጥፍበትን ካዙላውን አስቀምጦ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ «እኔ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እወርዳለሁ፤ ተማሪ ነኝ» አለው።